ከሐኪሜ ተደብቄ የምወስደውን ልንገረው ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የ34 ዓመት ሴት ነኝ። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ (ትልቁ አንጀት የሚቆጣበትና የሚቆስልበት በሽታ) እንዳለብኝ ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የአንጀት መቆጣትን የሚያበርደውን ሜሳላዚን ከመጀመሪያው ጀምሮ እወስዳለሁ፤ የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝበው አዛቲዮፕሪን ከተጨመረልኝ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ካለፉት አራት ወራት ወዲህ ግን የባለቤቴ እህት ያመጣችልኝን የእርድ ካፕሱልና ስሙን የማላውቀው የቅጠል ዱቄት እየወሰድኩ ነው። እውነቱን ለመናገር ተሽሎኛል። ደም የለም፤ መጸዳጃ ቤት መመላለሱም ቀንሷል። አዛቲዮፕሪን ካንሰር ያመጣል የሚል ነገር ስላነበብኩ ማቆም ፈልጌያለሁ። ለዶክተሬ ምንም አልነገርኩትም። አንድ ጊዜ ስለ እሬት ጭማቂ ስጠይቀው ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል ‹እሱን ነገር ተይው› ብሎ ዘጋኝ። ቀጠሮዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልንገረው? ብነግረው ምን ይጠቅመኛል? አዛቲዮፕሪኑንስ ላቁመው?»

አዎ፣ ይንገሩት። ሦስቱን ሳምንትም አይጠብቁ። በዚህ ሳምንት ወደ ክሊኒኩ ይደውሉ፤ ካልሆነም ቀጠሮው እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ። እስከዚያ አዛቲዮፕሪኑን አያቁሙት። ስለ ቅጠል ዱቄቱ ለብቻው የምለው አለኝ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ብዙ ታካሚ በልቡ ይዞት ነው ከሐኪም ክፍል የሚወጣው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልዎ።

ብዙ ሰው ለሐኪም መንገርን እንደ ፈቃድ መጠየቅ ያየዋል። ይከለክለኛል ብሎ ካሰበ ዝም ይላል። እኔ ነገሩን በሌላ በኩል እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ሐኪምዎ በየቀጠሮው ስለ እርስዎ አንድ ነገር ይወስናል። የሚወስነውም እርስዎ በሚነግሩትና በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ነው። አንዱ ከጎደለ ሌላውን አሳስቶ ያነበዋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዛቲዮፕሪን የሚወስድ ሰው በየጊዜው የደም ምርመራ ያደርጋል። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋሳትን ሊቀንስና ጉበትን ሊነካ ስለሚችል ሁለቱም ይታያሉ። አሁን የእርስዎ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ብሎ ተገኘ እንበል። ሐኪምዎ ፋይልዎን ይከፍታል። አዛቲዮፕሪን አለ፤ ሌላ የሚጠረጠር ነገር የለም። መጠኑን ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ያቆመዋል። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው።

ጉበቱን ያስቆጣው ካፕሱሉ ወይም ዱቄቱ ቢሆንስ? በሽታውን ሁለት ዓመት የያዘልዎ መድኃኒት ያለ ጥፋቱ ተባረረ ማለት ነው። እውነተኛው ጥፋተኛ ቤትዎ መደርደሪያ ላይ አለ፤ አሁንም እየወሰዱት ነው። ከወራት በኋላ በሽታው ሲያገረሽ ፋይልዎ ላይ «አዛቲዮፕሪን አልተስማማትም» የሚል ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰው ሁሉ ያንን ጽሑፍ አምኖ ይሄዳል። ቀጣዩ እርምጃ እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያለ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ለዚህ በሽታ ያሉን መድኃኒቶች ከቀድሞው በዝተዋል፤ ግን የማያልቁ አይደሉም። አንዱን በስህተት ማጣት በጣም ያሳዝነኛል።

«እርድ ደግሞ ጉበት ይጎዳል እንዴ?» ይሉኝ ይሆናል። አልፎ አልፎ፣ አዎ። እ.ኤ.አ. በ2019 በጣሊያን የእርድ ሳፕሊመንት በወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት መቆጣት ታይቶ የጤና ባለሥልጣናቱ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ምግብ ውስጥ የሚገባው እርድና ካፕሱሉ አንድ አይደሉም። በካፕሱሉ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ከእርዱ ተጣርቶ የወጣ፣ ኩርኩሚን የተባለው ዋና ንጥረ ነገሩ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከቁንዶ በርበሬ የሚገኝ ፓይፐሪን የተባለ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል፤ ኩርኩሚኑ ወደ ደም በብዛት እንዲገባ ያደርጋል። ችግሩ ብዙ ሰው ላይ አይደርስም። ሲደርስ ግን ካፕሱሉ መኖሩን የሚያውቅ ሐኪም ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ሐኪምዎን የሚፈሩትን ያህል የማያስፈራ የሚያደርገውን ልንገርዎ። ከያዟቸው ሁለት ነገሮች አንዱ በጥናት ታይቷል። በጃፓን ተሠርቶ በ2006 የታተመ ጥናት በሽታቸው ጋብ ያለላቸውን 89 የአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ታካሚዎች ተከታትሏል። ግማሾቹ ለስድስት ወር በቀን 2 ግራም ኩርኩሚን ወሰዱ፤ ሌሎቹ የማስመሰያ ክኒን። ኩርኩሚን ከወሰዱት ያገረሸባቸው 5 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከሌሎቹ 20 በመቶ ገደማ። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሽታው ቀለል ወይም መካከለኛ የሆነባቸውን 50 ሰዎች አይቶ በጎ ውጤት አግኝቷል። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ግን የሚናቁ አይደሉም። ይህን የሚያውቅ ሐኪም «ቀጥይበት፤ ጉበትሽን እያየን» ሊልዎ ይችላል።

በሁለቱም ጥናቶች ውስጥ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ታካሚዎቹ ኩርኩሚኑን የወሰዱት ከሜሳላዚን ወይም ከዚያው ወገን ከሆነ መድኃኒት ጋር ነው። ማንም መድኃኒቱን በእርድ አልተካም። ጥናቱን ጠቅሶ ካፕሱል የሚሸጥ ሰው ይህቺን ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘላታል።

ዱቄቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስሙ አይታወቅም፤ መጠኑም አይታወቅም፤ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። የሚያሳስበኝ ቅጠሉ ብቻ አይደለም። በተለያዩ አገሮች «ንጹህ ዕፅዋት» ተብለው በተሸጡ ምርቶች ውስጥ ሳይጻፍ የተጨመረ ስቴሮይድ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ስቴሮይድ ደግሞ የአንጀት መቆጣትን ቶሎ ያበርዳል። ስለዚህ ዱቄቱ «ሠራ» ማለት ብቻውን አያጽናናኝም። እንደውም ጥያቄ ይፈጥርብኛል። ፊትዎ ክብ እያለ ነው? የምግብ ፍላጎትዎ ከልክ አልፏል? እንቅልፍ እምቢ ብሎዎታል? ክብደት ጨምረዋል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ለሐኪምዎ በተለይ ይጥቀሱለት።

ለዚህም ነው ሦስት ሳምንት አይጠብቁ ያልኩት። ዱቄቱ እንዲቆም እፈልጋለሁ። ነገር ግን ስቴሮይድ ካለበት፣ ከአራት ወር በኋላ በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው። ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት አቁሞ ሊሆን ስለሚችል ግፊት ይወርዳል፤ ከባድ ድካምና ማስመለስ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መቼና እንዴት እንደሚቆም ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። እስከዚያ ከዱቄቱ ላይ ጥቂት ከነመያዣው ያስቀምጡ።

ከዕፅዋት ወገን የሆኑና ከመድኃኒት ጋር የሚጋጩ ነገሮችን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አልችልም። ሁለቱን ብቻ ላንሳ። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ለድብርት የሚወሰድ ተክል ጉበት መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝቡት ሳይክሎስፖሪንና ቶፋሲቲኒብ፣ እንዲሁም የእርግዝና መከላከያ ክኒን አብረውት ሲወሰዱ ኃይላቸው ይቀንሳል። በ2000 ልብ በተተከለላቸው ሁለት ሰዎች ላይ ይህ ተክል የሳይክሎስፖሪንን መጠን አውርዶ ሰውነታቸው የተተከለውን ልብ መቃወም መጀመሩ ተዘግቧል። ሁለተኛው ኢንዲጎ ናቹራሊስ ነው፤ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ቺንግ ዳይ ይሉታል። ይህኛው ለአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ በእርግጥ ይሠራል፤ በጃፓን በተደረገ ጥናት ታይቷል። ግን በአንዳንድ ተጠቃሚዎች ላይ የሳንባ ደም ሥር ግፊትን ከፍ ስላደረገ የጃፓን ጤና ሚኒስቴር በ2016 መጨረሻ አስጠንቅቋል። ስለዚህ «ይሠራል ወይስ አይሠራም» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። የሚሠራ ነገር ሁሉ ክትትል ይፈልጋል።

ወደ «ተሽሎኛል» ልመለስ። አምንዎታለሁ። መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ሳይጨነቁ መውጣት ምን ያህል ሕይወት እንደሚመልስ አውቃለሁ። ነገር ግን ይህ በሽታ በባህሪው ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰው አዲስ ነገር የሚሞክረው ሲብስበት ነው፤ ከባሰበት በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጋብ ማለቱ አይቀርም። መሻሉ የካፕሱሉ ሊሆን ይችላል። የዱቄቱ ሊሆን ይችላል። የአዛቲዮፕሪኑም ሊሆን ይችላል። ከስሜት ብቻ መለየት አይቻልም።

ሌላም አለ። ሰው ደህና ሆኖ እየተሰማው አንጀቱ ውስጥ መቆጣቱ ሊቀጥል ይችላል። በ2013 በእስራኤል ክሮንስ በተባለው፣ አንጀት በሚቆጣበት ሌላ በሽታ በተያዙ 21 ታካሚዎች ላይ ካናቢስ ተሞክሮ ነበር። ብዙዎቹ ሕመሙ ቀለለን፣ እንቅልፋችንና የምግብ ፍላጎታችን ተስተካከለ አሉ። በደም ምርመራ የሚለካው መቆጣት ግን ይህን ያህል አልቀነሰም። ለዚህ ነው በሰገራ የሚሠራው የካልፕሮቴክቲን ምርመራ የሚጠቅመው። እሳቱ ጠፍቷል ወይስ አመድ ለብሶ ተቀምጧል የሚለውን ያሳያል። ኮሎኖስኮፒን፣ ማለትም ትልቁ አንጀት በካሜራ የሚታይበትን ምርመራ፣ ሙሉ በሙሉ አይተካም። ግን በአንድ ትንሽ ዕቃ ሰገራ ብዙ ነገር ይነግረናል።

አሁን ወደ ፍርሃትዎ እንምጣ። በደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ ታካሚ ወደ ካፕሱል የሚሄደው ካፕሱሉን ወዶ አይደለም። የታዘዘለትን መድኃኒት ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱን የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው። እርስዎ ያነበቡት ነገር ፈጠራ አይደለም። አዛቲዮፕሪን ሊምፎማ የተባለውን የካንሰር ዓይነት ዕድል ይጨምራል። በፈረንሳይ ከ19 ሺህ በላይ የአንጀት ታካሚዎችን የተከታተለ፣ በ2009 የታተመ ጥናት አለ። መድኃኒቱን ከሚወስዱት ውስጥ በዓመት ከ1,000 ሰው አንድ እንኳ የማይሞላ በሊምፎማ ተይዟል። ጭራሽ ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር ብዙ ዕጥፍ ነው፤ በቁጥሩ ግን ትንሽ ነው። አደጋው ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። የቆዳ ካንሰርም በመጠኑ ስለሚጨምር ከፀሐይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ደግሞ ሳይበርድ ለዓመታት የሚቆይ የአንጀት መቆጣት ራሱ የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድል ከፍ ያደርጋል። ምልክቱ ከጀመረ ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ክትትል በኮሎኖስኮፒ የሚጀመረው ለዚህ ነው። እርስዎ ወደዚያ እየተቃረቡ ነው።

ስለዚህ «አዛቲዮፕሪን ለእኔ አሁንም ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሙሉ መብትዎ ነው፤ ጥሩ ጥያቄም ነው። መልሱ አዎ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ መጠን ይቀነሳል፤ አንዳንዴ መድኃኒት ይቀየራል። ብቻዎን ማቆምን የምቃወመው በሌላ ምክንያት ነው። አዛቲዮፕሪን ቀስ ብሎ የሚሠራ መድኃኒት ነው። ሙሉ ጥቅሙ ለመታየት ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታል። ሲቆምም በሽታው በማግስቱ አይመለስም፤ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ሊመለስ ይችላል። «ካቆምኩ ሁለት ወር ሆነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው ገና ምንም አላወቀም። ያገረሸበት ዕለት ደግሞ ጥፋቱን በጭንቀት ወይም በበላው ምግብ ላይ ያደርገዋል።

እንዴት ይንገሩት? መጀመሪያ፣ በቀጠሮው መጨረሻ ላይ በሩን ይዘው አይናገሩት። ሲገቡ ይናገሩት። በ1984 በአሜሪካ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ሐኪሞች የታካሚን ንግግር በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡ አሳይቷል። ስለዚህ ዋናውን ነገር ለኋላ ማስቀመጥ አያዋጣም። ብልቃጡን፣ ዱቄቱን፣ መቼ እንደጀመሩና በቀን ስንት እንደሚወስዱ የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት። ሐኪም በወሬ የሰማውን ይዘለዋል፤ ዓይኑ ሥር የተቀመጠ ዕቃን ግን አንስቶ ማንበቡ አይቀርም።

ንግግሩን እንዲህ ሊጀምሩት ይችላሉ፦ «ዶክተር፣ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ካለፉት አራት ወራት ጀምሮ እነዚህን እወስዳለሁ። የታዘዙልኝን አላቋረጥኩም። የጀመርኩት አዛቲዮፕሪን ስላስፈራኝ ነው። የትኛው አብሮ እንደሚሄድ፣ የትኛው እንደማይሄድ እንድትነግረኝ እፈልጋለሁ።» «የታዘዙልኝን አላቋረጥኩም» የሚለውን አይዝለሉት። ሐኪም ስለ ዕፅዋት ሲሰማ መጀመሪያ የሚደነግጠው መድኃኒቱን ትታለች ብሎ ስለሚያስብ ነው። ቁጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ ድንጋጤ የሚመጣ ነው። ለምን እንደጀመሩት መናገርዎ ደግሞ ውይይቱን ከካፕሱሉ አንሥቶ ወደ ፍርሃትዎ ይወስደዋል። መታከም ያለበትም እሱ ነው።

የሥራ ባልደረቦቼም ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ልበል። ዝምታው በአብዛኛው የእኛ ሥራ ነው። በ1993 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት ከመደበኛው ውጪ ያለ ሕክምና ከሚጠቀሙ ሰዎች 72 በመቶው ለሐኪማቸው እንዳልነገሩ አሳየ። ከዚያ ወዲህም ነገሩ ብዙ አልተሻሻለም። ታካሚዎች ሲጠየቁ ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ «ማን ጠየቀኝ?» የሚል ነው። ሌላው ቁጣ ወይም ንቀት መፍራት ነው። «ባህላዊ መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ብሎ መጠየቅም አይበቃም። ሰው ካፕሱልን፣ ሻይን፣ ዘይትን እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም፤ «አይ» ይላል፤ አልዋሸም። «እኔ ካዘዝኩት ሌላ በአፍ የሚወሰድ፣ የሚጠጣ፣ የሚቀባ ምን ነገር አለ? ብዙ ሰው ይወስዳል፤ አብሮ የሚሄድ መሆኑን ለማየት ነው» ቢባል ግን መልሱ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ ፊት ሳይለወጥ መስማት ያስፈልጋል። እርስዎን በእሬት ጭማቂው ጊዜ የዘጋው ዓረፍተ ነገር የአራት ወር መረጃ አሳጥቶናል። በዚያ ላይ ስለ እሬት የሚነገር ነገር ነበር። በ2004 በ44 የአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ታካሚዎች ላይ የእሬት ጄል ተሞክሮ መጠነኛ ተስፋ አሳይቷል። ከቅጠሉ ቆዳ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ግን ኃይለኛ የሚያስቀምጥ ነገር ስለሆነ ለታመመ አንጀት አይሆንም። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ይህን የሚያነቡና አንጀታቸው የሚረበሽ እንጂ ቁስለት የሌላቸው፣ ማለትም አይቢኤስ ያለባቸው ሰዎች ካሉ፣ የእነሱ ነገር ይለያል። እዚያ የፔፐርሚንት ዘይት ካፕሱልም ሆነ በባለሙያ የሚሰጥ ሂፕኖሲስ በጥናት የተደገፈ ቦታ አላቸው። መንገሩ ግን እዚያም አይቀርም።

የባለቤትዎ እህት ያመጣችው በፍቅር ነው። እሷን ማስቀየም አይጠበቅብዎትም። «ዶክተሩ ምን እንዳለበት ማወቅ ፈልጓል፤ ከየት እንደገዛሽው ንገሪኝ» ይበሏት። መረጃውን ከእሷ ማግኘት ይጠቅመናል፤ ሌላ ሰውም እየወሰደው ሊሆን ይችላል።

ሐኪምዎ አሁንም ባይሰማዎትስ? አንድ ዕድል ግን ይስጡት። «ባለፈው ስለ እሬት ስጠይቅህ ስለዘጋኸኝ ነው ያልነገርኩህ» ቢሉት ብዙዎቻችን እንሰማለን። ካልሰማ ፋርማሲስት ያማክሩ። መድኃኒትና ዕፅዋት ይጋጫሉ ወይ የሚለውን እነሱ ብዙ ጊዜ ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ከዚያም ሌላ የአንጀት ሐኪም መፈለግ ነውር የለውም። የማይሆነው ተቀይሞ ምርመራውንም ቀጠሮውንም መተው ነው።

ሲሄዱ ሦስት ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ፦ የጉበት፣ ሙሉ የደም ቆጠራና የሰገራ ካልፕሮቴክቲን። ስለ አዛቲዮፕሪኑ የሚደረገው ውይይት ከውጤቶቹ በኋላ ይሁን። ከዚያ በፊት ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ትኩሳት ከያዘዎት ወይም ደም ከተመለሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይሂዱ፤ ብልቃጡንና ዱቄቱንም ይዘው።